የጠፋው ስም
በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ባለ አንድ ቤት ኮምፒዩተር የቤቱን ዋይ ፋይ ስላጣበት ምክንያት፥ ስለ ምርመራውም ሥርዓት፤ በትምህርት ቤት የሚነበብ ንግግር



ሰው ያልገባው ነገር በገጠመው ጊዜ ሁለት መንገድ ከፊቱ ይቆማል። አንደኛው ተቈጥቶ አጠገቡ ያለውን ሰው በደለኛ ማድረግ ነው፤ ይህ መንገድ ቅርብና ቀላል ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይሄድበታል። ሁለተኛው ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ በተራ መጠየቅ ነው፤ ይህኛው ትዕግሥት ስለሚፈልግ የሚሄድበት ጥቂት ነው። አባቶች «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው የተረቱት የፊተኛውን መንገድ ለመረጠ ሰው ነው። ዛሬ የሚነገረው ታሪክ የአንድ ኮምፒዩተር ታሪክ ነው። ነገር ግን የመጠየቅን ሥርዓት የሚያስተምር ስለ ሆነ፥ ኮምፒዩተር በቤቱ የሌለው ተማሪም ቢሰማው ይጠቀምበታል።

እንጦጦ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ያለ፥ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ ተራራ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ ፍል ውሃ ሜዳ ሳያወርዱ በፊት መቀመጫቸው በዚህ ተራራ ላይ ነበረ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። በኋላ ዘመን ደግሞ በዚሁ ተራራ ላይ የከዋክብት መመልከቻ ተሠራ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ምድር ባስወነጨፈች ጊዜ፥ ከሳተላይቷ የሚወርደውን ምስል እንዲቀበል የተዘጋጀው የምድር ጣቢያ በእንጦጦ ላይ ነበረ። ሳተላይቷም የተላከችው ከምድር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ እንድትዞር ነው። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ርቀት የሚመጣ መልእክት እንዲሰማበት በተዘጋጀ ተራራ ሥር፥ አንድ ኮምፒዩተር ስድስት ክንድ ብቻ ከራቀው መሣሪያ የሚወጣውን መልእክት መስማት አቃተው። ታሪኩም እንዲህ ነው።

በእንጦጦ ማርያም አቅራቢያ አንድ ሸማኔ ይኖር ነበር። የጥበብ ቀሚስና ነጠላ እየሠራ ወደ ሽሮ ሜዳ አውርዶ ይሸጥ ነበርና ኑሮው ከእጁ ሥራ ነበረ። እኅቱ በአሜሪካ ትኖራለች፤ እርስዋም ብዙ ዘመን የሠራችበትን ላፕቶፕ ኮምፒዩተር ለወንድምዋ ልጆች ላከችላቸው። በቤቱ ግድግዳ ላይ ራውተር የሚባለው፥ ኢንተርኔትን ያለ ሽቦ የሚያድለው ትንሽ ሣጥን ተሰቅሎ ነበር። የሸማኔው ሴት ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ለነጻ ትምህርት ዕድል የምትልከውን ማመልከቻ በዚያ ኮምፒዩተር ታዘጋጅ ነበር። ማመልከቻው እስከ ዓርብ ሌሊት ስድስት ሰዓት መድረስ ነበረበት። ወንድምዋም የ10 ዓመት ልጅ ነው።

ረቡዕ ማታ የሰፈሩ መብራት ጠፋ፤ የተመለሰውም ሐሙስ ጠዋት ነው። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ኮምፒዩተሩን በከፈተች ጊዜ፥ የመረቦቹ ስም በሚዘረዘርበት ቦታ የጎረቤቶች ሦስት ስም ታየ፤ የቤታቸው ስም ግን ከመካከላቸው ጠፋ። አጥፍታ አበራችው፤ ያው ሆነ። ደግማም አጠፋች፤ ያው ሆነ። ታናሽ ወንድምዋ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በኮምፒዩተሩ ሲጫወት ታይቶ ነበርና ነገሩ ሁሉ በእርሱ ላይ ወደቀ።

አባት ልጁን ጠርቶ፥ «ምኑን ነካህበት?» አለው።

«ምንም አልነካሁም፥ አባዬ» አለ ልጁ።

«አልነካህም? ታዲያ ትላንት የነበረው ዛሬ ወዴት ሄደ?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። መልስ ማጣቱም እንደ በደል ተቈጠረበት። በማግስቱ ምሳውን ሳይበላ ወጣና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለ ዛፍ ሥር ተቀመጠ።

አባትየው በዚያው ዓርብ ጠዋት ኮምፒዩተሩን ይዞ ወደ ከተማ ወረደ፤ ለአንድ ጠጋኝም አሳየው። ጠጋኙ ነገሩን ከሰማ በኋላ ጥቂት ነካክቶ፥ ማዕበሉን የሚቀበለው የውስጥ ዕቃ ተቃጥሏልና መለወጥ አለበት አለ። የጠራውም ዋጋ ሸማኔው ሦስት ሳምንት የደከመበትን አንድ የጥበብ ቀሚስ የሚያህል ነበረ። ሸማኔው ኮምፒዩተሩን ይዞ ተመለሰ፤ ቀሚሱንም በተገኘው ዋጋ ሊሸጥ ከሣጥን አወጣው።

በዚህ ጊዜ በጎረቤት የሚኖር አንድ መምህር ሊጠይቃቸው ገባ። ይህ መምህር በልጅነቱ ቅኔ የተማረ፥ በኋላም የኮምፒዩተር ትምህርት ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ነገሩን ሁሉ በሰማ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቀው፥ «ማመልከቻው ተልኳልን?» ብሎ ነበር። አልተላከም አሉት። እርሱም፥ «እንግዲያስ ምክንያቱን ከመፈለጋችን በፊት የሚቸኩለውን እናውጣ፤ ቤት ሲቃጠል አስቀድሞ ልጅ ይወጣል፤ እሳቱን ማን አስነሣው የሚባለው ኋላ ነው» አለ። የእጅ ስልኩን ከቤቱ ዋይ ፋይ ጋራ አገናኘ፤ በቻርጀሩም ገመድ ስልኩን ከኮምፒዩተሩ ጋራ አያያዘ፤ ቀጥሎም በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ኢንተርኔትን በገመድ የሚያጋራውን ትእዛዝ ከፈተ። ኮምፒዩተሩም በስልኩ በኩል ኢንተርኔት አገኘ። ልጅቱ ማመልከቻዋን ላከች፤ ተቀብለናል የሚለውም ቃል መጣላት።

ሸማኔው ደስ ብሎት፥ «እንግዲህ የተረፈው ዕቃውን ማስለወጥ ነው፤ ነገ ቀሚሱን እሸጣለሁ» አለ።

መምህሩ ግን፥ «ጋሼ፥ ማመልከቻው ሄዷል፤ ልጁ ግን ገና ከደጅ ነው። በደለኛ መሆኑ የታወቀው በምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሸማኔው ዝም አለ። መምህሩም ቀጠለ፤ «ድር ቢበጠስብዎ ሸማውን በሙሉ ይቀዱታልን?»

«እንዴት ተደርጎ፥ መምህር! የተበጠሰውን ክር ፈልጌ እቀጥላለሁ እንጂ።»

«ከየት ጀምረው ይፈልጉታል?»

«ከዳር ጀምሬ፤ አንድ ባንድ እየቈጠርሁ።»

«እንግዲያስ ይህንንም ከዳር ጀምረን እንቍጠረው። ኮምፒዩተር ይጠየቃል፤ ሲጠይቁትም ይመልሳል።»

የመምህሩን ጥያቄ ከመዘርዘር በፊት ዋይ ፋይ ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። ዋይ ፋይ ሌላ ፍጥረት አይደለም፤ ራዲዮ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም የመጀመሪያውን ደንብ አወጣለት፤ ዋይ ፋይ የተባለውን ስም ያገኘው ከዚያ በኋላ በ1999 ነው። ራውተሩ እንደ ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ስሙን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ዐሥር ጊዜ ያህል ይጠራል። ኮምፒዩተሩ ጥሪውን ከሰማ ስሙን በዝርዝሩ ላይ ይጽፋል፤ ካልሰማ አይጽፍም። ስለዚህ ስም ጠፋ ማለት፥ ወይ ጠሪው ዝም ብሏል፥ ወይ ሰሚው ጆሮውን ዘግቷል፥ ወይ በመካከላቸው የሚከለክል ነገር ቆሟል፥ ወይም ጠሪው ሰሚው በማያዳምጥበት መንገድ እየተጣራ ነው ማለት ነው። ከነዚህ ከአራቱ የሚወጣ ምክንያት የለም።

ስለ መንገዱም እንዲህ ነው። የዋይ ፋይ ማዕበል በብዛት የሚሄደው በሁለት ወገን ነው። አንደኛው 2.4 ጊጋኸርዝ ይባላል፤ ይኸውም በአንድ ሴኮንድ 2,400,000,000 ጊዜ የሚወዛወዝ ማለት ነው፤ የአንዱ ማዕበል ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሁለተኛው 5 ጊጋኸርዝ ይባላል፤ የማዕበሉም ርዝመት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ማኅሌት የሰማ ሰው ልዩነታቸውን በምሳሌ ያውቀዋል፤ የከበሮው ድምፅ ወፍራም ስለ ሆነ ግድግዳ አልፎ ከሩቅ ይሰማል፤ የጸናጽሉ ድምፅ ግን ቀጭን ስለ ሆነ ቅርብ ላለው ሰው የጠራ ነው እንጂ ሩቅ አይሄድም። እንደዚሁም 2.4 ግድግዳ አልፎ ይሄዳል፤ 5 ግን ፈጣን ሆኖ ሳለ የድንጋይ ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። አንዳንድ አሮጌ ኮምፒዩተርም 2.4ን ብቻ ይሰማል፤ 5ን ከቶ አያውቀውም።

እንደገናም 2.4 በውስጡ ቻናል በሚባሉ ጠባብ መንገዶች ይከፈላል፤ በቍጥር ከ1 እስከ 13 ይጠራሉ። በብዙ አገር 13ቱም ይሠራባቸዋል። በአሜሪካ ግን የተለመደው ከ1 እስከ 11 ያለው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ ከተሠሩት ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ 12ኛውንና 13ኛውን መንገድ አያዳምጡም። ይህን ነገር ልብ ያለ ሰው የታሪኩን ፍጻሜ አስቀድሞ ሊያይ ይችላል።

መምህሩ መጠየቅ ጀመረ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጠሪው ነበረ። የራውተሩን መብራቶች ተመለከተ፤ ይበራሉ። ቀድሞ ወደዚያ ቤት መረብ ያልገባ ሌላ ስልክ ከጎረቤት አስመጥቶ የመረቦቹን ዝርዝር ባየ ጊዜ የቤቱ ስም ተጽፎ ተገኘ። ከዚህም ሁለት ነገር ታወቀ። አንደኛ ራውተሩ እየተጣራ ነው። ሁለተኛ ስሙ አልተደበቀም፤ ባለቤቱ ስሙን የደበቀው መረብ ለእንግዳ ስልክ ስሙን አይገልጥምና።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሰሚው ነበረ። ኮምፒዩተር ጆሮውን የሚዘጋበት ብዙ ምክንያት አለ። ኤርፕሌን ሞድ የሚባለው ትእዛዝ በስሕተት ተከፍቶ እንደ ሆነ ራዲዮውን ሁሉ ያጠፋል። በአንዳንድ ላፕቶፕ ጎን ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ አለ፤ በአንዳንዱ ደግሞ ከቁልፎቹ መካከል የአንቴና ሥዕል ያለበት ቁልፍ አለ። ከዚህም ሌላ ኮምፒዩተሩ የውስጥ ዕቃውን የሚያዝበት ድራይቨር የሚባል ጽሑፍ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ከነዚህ አንዱ የሆነ እንደ ሆነ ግን ኮምፒዩተሩ የማንንም መረብ አያይም ነበር። መምህሩ ዝርዝሩን ለሸማኔው አሳይቶ፥ «የጎረቤት ሦስት ስም ያነበበ ጆሮ ተቃጥሏል ይባላልን?» አለው። ሸማኔውም የያዘውን ቀሚስ መልሶ በአልጋው ላይ አኖረው። የጠጋኙ ቃል በዚህ ወደቀ። ጠጋኙም ክፉ ሰው ስለ ሆነ ላይሆን ይችላል፤ ሳይጠይቅ ስለ ፈረደ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ መካከሉ ነበረ። ወፍራም ግድግዳ፥ የቆርቆሮ ግርግዳ፥ ትልቅ መስተዋት፥ ውሃ የሞላበት በርሜል ማዕበሉን ያደክማሉ። ምግብ የሚያሞቀው ማይክሮዌቭም በ2.4 አካባቢ ስለሚሠራ በሥራ ላይ ሳለ ያውካል። መምህሩ ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ከራውተሩ ሥር አቆመው። በመካከላቸው አየር ብቻ ቀረ፤ ስሙ ግን አልታየም። ስለዚህ ምክንያቱ ርቀትም ግድግዳም አይደለም።

አራተኛው ጥያቄ ስለ መንገዱ ነበረ። መምህሩ በስልኩ ላይ የመረቡን ዝርዝር ሁኔታ ከፍቶ ባየ ጊዜ 2.4 የሚል ተጽፎ አገኘ። እንግዲህ 5 ብቻ ሆኖ አሮጌው ኮምፒዩተር አልሰማውም ሊባል አይቻልም። የቀረው አንድ ክር ብቻ ነበረ። መምህሩ ልጅቱን፥ «ስሙ የጠፋው መቼ ነው?» አላት።

«መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ነው» አለችው።

«ኮምፒዩተሩስ ከወዴት መጣ?»

«ከአሜሪካ፤ እቴቴ ናት የላከችው።»

መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። ራውተሩን ገልብጦ ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበ፤ በዚያ ላይ የራውተሩ የቍጥር አድራሻና የመግቢያው ስምና ፓስወርድ ተጽፎ ይገኛል። አድራሻውን በስልኩ ብራውዘር ላይ ጻፈ፤ የራውተሩም የውስጥ ገጽ ተከፈተ። ስለ ዋይ ፋይ በሚናገረው ክፍል ገብቶ ቻናል የሚለውን ባየ ጊዜ፥ ራውተሩ በራሱ እንዲመርጥ ታዝዞ፥ የመረጠውም 13 ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ ሁሉ በዚህ ተገለጠ። ብዙ ራውተር በተነሣ ጊዜ ሁሉ በአካባቢው ያሉትን ሌሎች መረቦች ያዳምጥና ሰው ያልበዛበትን መንገድ ይመርጣል። ከረቡዕ በፊት የነበረበት መንገድ ኮምፒዩተሩ ከሚሰማው ከ11 ያላለፈ ነበረ። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ጊዜ ግን የሰፈሩ ራውተር ሁሉ ተነሥቶ መንገዱን ሲሻማ፥ የሸማኔው ራውተር ባዶ ሆኖ ያገኘውን 13ኛውን ያዘ። ስልኮቹ 13ን ስለሚሰሙ ምንም አልጎደለባቸውም። ከአሜሪካ የመጣው ኮምፒዩተር ግን ለአገሩ ገበያ እንደ ተሠራ 13ን አያዳምጥምና፥ ጠሪው ከራሱ በላይ ሆኖ ሲጮኽ አልሰማውም። የተቃጠለ ዕቃ የለም፤ የበደለ ልጅም የለም።

መምህሩ ራውተሩ በራሱ እንዲመርጥ የሚለውን ትእዛዝ ሰርዞ በቦታው 11 ብሎ ጻፈ፤ አጸናውም። ራውተሩ ጠፍቶ ተነሣ። ሁለት ደቂቃ ያህል ከቆዩ በኋላ የቤቱ ስም በኮምፒዩተሩ ዝርዝር ላይ ከሁሉ በላይ ሆኖ ታየ። ልጅቱ እልል አለች። ሸማኔው ግን ዝም ብሎ ነጠላውን አነሣና ወጣ።

ልጁን ከዛፉ ሥር ተቀምጦ አገኘው። አጠገቡም ተቀመጠ። ጥቂት ጊዜ ከቆየ በኋላ፥ «ልጄ፥ ያበላሸው መብራቱ ኖሯል፤ አንተ አይደለህም» አለው።

ልጁ ወደ መሬት እያየ፥ «ነግሬህ ነበር እኮ፥ አባዬ» አለ።

«ነግረኸኝ ነበር። የሸማኔ ልጅ ነህና ልንገርህ፤ እኔ ክሩን ሳልቈጥር ሸማውን ልቀድ ነበር። ይቅር በለኝ» አለው አባቱ። ልጁም እጁን ለአባቱ ሰጠ፤ አብረው ወደ ቤት ተመለሱ። ልጁ ገብቶ ለመምህሩ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል፥ «13 የተጻፈበትን ቦታ አሳየኝ» የሚል ነበረ። መምህሩም አሳየው፤ ቀሚሱም ወደ ሣጥኑ ተመለሰ።

ቅኔ የሚማር ሰው ሰሙን ሳይፈታ ወርቁን አያገኝም። ከውጭ የሚታየው ጉድለት ሰም ነው፤ ምክንያቱ ግን ከሥሩ የተሸሸገ ወርቅ ነው። ይህንንም በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ እንድትሠሩበት የጥያቄዎቹ ተራ እንደሚከተለው በአጭሩ ይነገራል።

1ኛ፤ የሚያስቸኵል ሥራ ካለ አስቀድሞ በገመድ ይጨረስ፤ ወይ ከራውተሩ በሚወጣ የኔትወርክ ገመድ፥ ወይ በስልክ በኩል።

2ኛ፤ ራውተሩ መብራት እንዳለው ይታይ፤ ሌላ ስልክም ስሙን ያይ እንደ ሆነ ይፈተን። ሌላው ሁሉ ካላየው ጉድለቱ የራውተሩ ነውና፥ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ጥቂት ቆይቶ መመለስ ይበጃል።

3ኛ፤ ሌላው እያየ ኮምፒዩተሩ ብቻ ማንንም ካላየ፥ ኤርፕሌን ሞድ፥ የዋይ ፋይ ማብሪያ፥ ቀጥሎም ድራይቨር ይመርመር፤ ኮምፒዩተሩንም አጥፍቶ ማብራት አይዘንጋ።

4ኛ፤ ኮምፒዩተሩ ሌላውን እያየ የቤቱን ብቻ ካጣ፥ ወደ ራውተሩ ይጠጋ፤ ተጠግቶም ካላየ ስሙ ተደብቆ እንደ ሆነ፥ መረቡም በ5 ብቻ ተከፍቶ እንደ ሆነ ይጠየቅ።

5ኛ፤ ይህም ሁሉ ካልሆነ የቻናሉ ቍጥር ይታይ፤ 12 ወይም 13 ከሆነ ወደ 1፥ ወደ 6 ወይም ወደ 11 ይለወጥ። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ስለማይነካኩ የተመረጡ ናቸው።

6ኛ፤ ወደ ራውተሩ የውስጥ ገጽ የገባ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ ከመለወጡም በፊት የነበረውን በወረቀት ይጻፍ። ብዙውን ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ቢሳካለት እንኳ በምን እንደ ተሳካለት አያውቅም። ከፋብሪካው የመጣውንም የመግቢያ ፓስወርድ ይለውጠው፤ እንግዳ ሰው እንዳይገባበት።

ወደ ጎረቤት መረብ ያለ ፈቃድ መግባት ግን አጥር ጥሶ ከሰው ጓሮ ውሃ እንደ መቅዳት ነው፤ የራሱ ስለ ጠፋበት ሰው አይፈቀድለትም። ቢቸግረው ይጠይቅ፤ ጎረቤት ለዚህ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፤ ኮምፒዩተሩ ያረጃል፤ ራውተሩም በሌላ ይለወጣል፤ የዛሬው የቻናል ቍጥር የማይጠቅምበት ዘመን ይመጣ ይሆናል። ከዳር ጀምሮ ክሩን መቍጠር ግን በየትም ዘመን ይጠቅማል። ከእናንተም መካከል ነገ አባት ወይም እናት፥ መምህር ወይም ዳኛ የሚሆን አለ፤ በቤቱ አንድ ነገር የጠፋበት ቀን ሕፃን ከመጥራቱ በፊት ጥያቄውን ይቍጠር።